ቀሪ

ቅዳሜ ጧት ሁሌ ከያሽ ስንነሳ፣
የዜኖቢያ መኪና ዳገት ላይ ሲያገሳ፣
የኋላው ወንበር ደብተር ተሸክሞ፣
እኔ ሉል ታቅፌ፣ ሰሜን ዋልታው ታሞ፣
ፕላስተር ለጥፌበት እንደ ሕመምተኛ፣
አርባ ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ነን መንገደኛ።

ዜኖቢያ የፖስታ ቤት ጡረተኛ ነች፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ጭቃ ሄደች፣
የባሕር ማዶ ደብዳቤ በየበሩ አደለች።
«ፊደልም» ትላለች «ከፖስታ አይለይም፤
ተቀባይ ካልከፈተው ውስጡ አይታይም።»

ቫሌያ ሳልቼይ፣ አኻያ የበዛባት፣
በረዶ ሲቀልጥ ድልድይ የሚጠፋባት።
የምናስተምርበት የወተት ቤት ነበር፤
ላሞቹ ተሸጡ፤ ሚዛኑ ግን አልሄደም ከበር፤
ልጆቹ ደብተር ይጭኑበታል፣
መርፌው ይንቀጠቀጥና ግማሽ ኪሎ ይላል።

ልሳኑ ነው ስሜ። መስኖ ልማር መጣሁ ያኔ፤
የመጡት ሲመለሱ፣ ቀረሁ በዚያው እኔ።
ባርኔጣ የደፋ አንድ ፊደል አላቸው፣
እንግዳ ሲጠራው ጉሮሮ የሚያንቀው።
እኔ ግን ስሰማው፣ ገና በማለዳ፣
የገዛ ሳድሴ ነው፤ አልሆነኝም እንግዳ።
ይህን ብነግራቸው ልጆቹ ሳቁብኝ፤
ሚሩና ግን «ሳድስ» ብላ ጽፋ አሳየችኝ።

ስም ስጠራ፦
«ኮስቴል?» — ቀሪ። ድንች ለቀማ ወጥቷል።
«ሶሪና?» — ቀሪ። ታናሿን ኩፍኝ ይዞታል።
«መንታዎቹ?» — አንድ ቦት ጫማ ነው ያላቸው፤
ዛሬ የማን ተራ እንደሆነ ተጣልተው
ሁለቱም ቀሪ።
«ሚሩና?» — «አለሁ።» ሁልጊዜ አለሁ ነች እሷ፤
ቀይ ሥር ያቀለመው ጣት፣ የሌላ ሰው ቦርሳ።

ክፍልፋይ ነበር። ዳቦ ሣልኩላቸው፤
«ለየቤታችሁ ቁረሱት፣ እኩል ይድረሳቸው።»
ሚሩና እርሳሷን ከወረቀት አነሳች፦
«እናቴን ልቁጠር ወይ?» ብላ ጠየቀች።
«ጣሊያን ናት፤ የሰው አሮጊት ታጥባለች፤
የዱቄቱን ገንዘብ እሷ ትልካለች፤
ዳቦው ሲቆረስ ግን የለችም።
በአምስት ነው በአራት? አላውቅም።»

ጠመኔው ጣቴ ላይ ስንት ጊዜ ዞረ፤
ስንት ግድብ፣ ስንት ቦይ አስልቶ የኖረ
ሰውዬ፣ ዳቦ ፊት፣ ዝም ብሎ ቀረ።
ዜኖቢያ ናት ከኋላ መላ ያመጣችው፦
«ሁለቱንም ሥሪ። መልሱን ለእሷ ላኪው።»

ሐምሌ ላይ ጋቭሪል፣ አባቷ፣ መጣ፤
ኮፍያውን አውልቆ መጀመሪያ ቃል አጣ።
«ፈተና አለፈች አሉ፤ ደግ፤ ደስ ይላል፤
አውቶቡሱ ግን በወር ከበግ ይበልጣል።
ደግሞም ከሄደች አትመለስም፤
ይቺ መንደር የላከችውን አታይም።»

ምን ልበል? እውነቱን ነው እኮ፤
በወጣው ሰው ፋንታ ገንዘብ ነው የሚመጣ፣ ተልኮ።
«ትምህርት ብርሃን ነው» የሚሉት
ከጥርሴ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።
ሒሳቡን ከዜኖቢያ ጋር ለሁለት ልንለው
ስንል፣ «ለሦስት» አለ፤ «ሲሶው የኔ ነው።»
ከደረት ኪሱ ውስጥ አውጥቶ
እርጥብ ሌይ ቆጠረ፣ አንድ አንዱን ዘርግቶ።

መስከረም። ገና አልነጋም።
አውቶቡሱ መጣ መብራቱ ጉም ለብሶ፤
ጋቭሪል ዞር አለ አፍንጫውን አብሶ።
ሚሩና እጇን አላወዛወዘች፤ መስታወቱ ላይ
በትንፋሿ እንፋሎት ስትጽፍ አይቼ ላይ
ብጠጋ፣ ባርኔጣ የደፋው፣ የኔው ሳድስ፤
ኩርባው ጋ ሳይደርስ
ጠፋ።

ቅዳሜ ስም ስጠራ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣
«ሚሩና?» አልኩ። መንታዎቹ አዩኝ
(አንዱ በቦቱ፣ አንዱ በአባቱ ጫማ)።
«ቀሪ» የሚል ድምፅ ከጥግ ተሰማ።
በእኔ ቋንቋ አንድ ቃል ነው፦
ስናካፍል፣ የተረፈው፤
ስም ስንጠራ፣ የጎደለው።
የቱን ብዬ ልጻፈው?
ሳጥኑን ባዶ ተውኩት።
ደብተሮቹ ተጫኑ ሚዛኑ ላይ፤ መርፌው
ግማሽ ኪሎ ሊሞላ፣ ጥቂት ቀረው።